ሃው ቱ ትሬን ዩር ድራጎን (የአኒሜሽን ፊልም)

ድሪምወርክስ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእይታ ያበቃው፣ ክሪስ ሳንደርስና ዲን ዴብሎይስ ያዘጋጁት የቤተሰብ ፊልም ነው። መነሻው የእንግሊዛዊቷ ክሬሲዳ ካውል የልጆች መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ድራጎን መግራት የቆየ የቫይኪንጎች ልማድ ሲሆን፣ በፊልሙ ግን የበርክ ደሴት ሰዎችና ድራጎኖች ደመኞች ናቸው። ለውጡ ለፊልሙ በጅቶታል። የአለቃው ልጅ ሂካፕ ጥቁሩን ድራጎን ቱዝለስን መትቶ ሲጥለው የጅራቱ አንድ ክንፍ ይጎድላል፤ መብረርም ያቅተዋል። ልጁ ከቆዳና ከብረት ምትክ ይሠራለታል፤ ምትኩ በወጉ የሚታዘዘው ግን ሂካፕ ኮርቻው ላይ ሆኖ ፔዳል ሲረግጥ ነው። ፊልሙን ከመሰሎቹ የሚያስበልጠው ይኸው ነው፤ የሁለቱ እርቅ በቃል አያልቅም፣ በዳዩ ካሳውን በየበረራው ይከፍላል።

መጨረሻ ላይ ሌላ ግዙፍ ድራጎን መገደሉ እርቁን ያረክሰዋል፣ አንዱን ጠላት በሌላ ተክቷል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ከፊል እውነት አለው፤ አውሬው ርኅራኄ የማይገባው ተደርጎ መሣሉ ለደራሲዎቹ መንገዱን አቅልሎላቸዋል። ድሉ ግን በነጻ አልመጣም። ሂካፕ የግራ እግሩን ያጣል፤ ሰው ሠራሹ እግርም ያንኑ ፔዳል ይረግጣል። ለልጆች ፊልም ደፋር ውሳኔ ነው። ፊልሙ ለሁለት ኦስካር የታጨ ሲሆን፣ አንዱ ለጆን ፓወል ሙዚቃ ነበር። ተከታዮቹ በ2014 እና በ2019፣ በተዋንያን የተሠራው ቅጂ ደግሞ በ2025 ወጥተዋል።