የሰማህ ላልሰማ አሰማ

ማስታወቂያ አሳትሞ በየሰዉ እጅ ለማድረስ ያሰበ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ሺህ ቅጠል ስንት ይፈጃል? ባለ ቀለሙስ? ማተሚያ ቤቱም የተጠየቀውን ይመልሳል። ወረቀቱ ታትሞ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ መናኸሪያ ከወረደ በኋላ ግን ያልተጠየቀው ጥያቄ ብቅ ይላል። ይኼን ሁሉ ወረቀት አሁን ማን ለማን ያድርሰው?

ፈረንጅ አገር ለዚህ መልስ አለው። ፖስተኛው በየደጁ ስለሚዞር ነጋዴው የአድራሻ ዝርዝር ይገዛል፤ አታሚው አትሞና አሽጎ ለፖስታ ቤት ያስረክባል፤ አለቀ። የኛም ፖስታ ዕድሜው አያንስም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው ደብዳቤውን እስከ ሣጥን ቁጥር ያደርሳል እንጂ በር አያንኳኳም። መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ትልልቁ ነጋዴ ሣጥን ይኖረው ይሆናል። ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎ የሚዘራው ገበሬ ግን ሣጥንም የቤት ቁጥርም የለውም። አድራሻው «የእገሌ ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች» ነው።

ይህ ማለት ግን አገሩ ታስቦበት የተላከ መልእክት ደርሶት አያውቅም ማለት አይደለም። ደርሶታል፤ ያውም በጦርነት ጊዜ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ወዲያው በሱዳን የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፕላት የፈረሙባቸው 11 ደብዳቤዎች ድንበር ተሻግረው ለጎጃምና ለአካባቢው የአርበኞች መሪዎች ተላኩ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር፤ ጠላታችን አንድ ሆኗል፣ መሣሪያና ጥይት ከፈለጋችሁ ሰው ላኩ የሚል። 11 ብቻ! ለመላው ሕዝብ አልተበተነም። እያንዳንዱ ለማን እንደሚሄድ ታውቆ ተጻፈ።

ስሙን ማን ነገራቸው? ካርቱም ከነበረው የመረጃ ክፍል ውስጥ ቺዝማን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው ለዓመታት የኖሩ፣ ጣናንና ዓባይን ዞረው መጽሐፍ የጻፉ ናቸው። ዛሬ በኮምፒውተር የሚቀመጠው ዝርዝር ያኔ እንዲህ አገር በሚያውቅ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ ለብዙኃኑ የሚሆነው መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ክረምት ካርቱም ገቡና በማኅተማቸው የታተመ አዋጅ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጎጃም ላይ ተበተነ። ሥራውን የያዙት ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ነበሩ። የ1928ቱን ወረራ ከአዲስ አበባ ሆነው ለለንደኑ «ታይምስ» የዘገቡ ሰው ናቸው። «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም አሳተሙ።

እስቲ ነገሩን እንደ ንግድ ሥራ እንየው። አውሮፕላን ለጎጃም ሰው ቦምብ የሚጥል ጠላት ነበር። ከዚያው ሰማይ የወረደ ወረቀት በምን ይታመናል? በማኅተሙ! ሞዓ አንበሳውን ፊደል ያልቆጠረውም ያውቀዋል። ማንበቡን ደግሞ ቄሱና ደብተራው ይወጡታል። አንድ ቅጠል ለአንድ ሰው አልታተመም፤ አንዱ አንብቦ መንደሩ እንዲሰማው ነው የታተመው። ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል የኖረው ሥርዓት ወረቀት ለበሰ እንጂ አልተለወጠም።

ወረቀት ብቻውን ግን አልተላከም። ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነሐሴ 6 ቀን ድንበር ተሻግረው ጎጃም ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀው የካቲት 25 ቀን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጀምሩባት ማንኩሳም በዚያ ሰሞን ሌላ ታሪክ አላት። በምሽጉ ላሉት የጣሊያን አስካሪዎች የስቲር ሰዎች በድምፅ ማጉያ በገዛ ቋንቋቸው «ከድታችሁ ኑ» እያሉ ይጣሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ የሚቆጭ ነገር አለ። ደብዳቤውን አምነው ለመሣሪያ ሰው ከላኩት መሪዎች ብዙዎቹ የተሰጣቸው ያረጀ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ቅሬታው ብዙ ነበር። አጻጻፉ ያማረ፣ አድራሻው የተሳካ፣ አድራሹም ያልከዳ መልእክት በመጨረሻ ዕቃው አሳፈረው። አሳፋሪውን የሸፈነው የአርበኛው ትዕግሥት ነው፤ በዚያው ጠመንጃ ተዋጋ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ተደራሲ» የሚለውን ቃል ተማሪዎቼ እንደ ዋዛ ሲያልፉት አስቆማቸው ነበር። «ደረሰ» ድርሰት ጻፈ ማለት ነው፤ ካሰበበት ቦታ ገባ ማለትም ነው። የጻፉት ካልደረሰ ምኑን ተደረሰ?

ስለዚህ ዛሬ በፍኖተ ሰላም ምርጥ ዘር፣ የወተት ላም መኖ ወይም ብድር የሚያስተዋውቅ ሰው አታሚ ሲመርጥ ከዋጋው በፊት ይህን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ወረቀቱን የሚያደርሰው ሰው ቀበሌዎቹን በስም ያውቃል? የገበያ ቀናቸውን ይለያል? ማን አንብቦ ለማን እንደሚያሰማ ገብቶታል? ናሙናውንስ ከማሳተማችን በፊት ለአንድ ገበሬ አንብበንለት ምን እንደተረዳ ጠይቀነዋል?

«አሁን ስልክ አለ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል አይጠፋም። ስልኩ ጥሩ ነው። ይሁንና በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲፋፋም የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መልእክት ተመልሶ የሚወድቀው በሚያምኑት ሰው አፍ ላይ ነው። ያ ሰው ደግሞ በኪራይ አይገኝም፤ ቀድሞ ያወቁት፣ ያከበሩት መሆን አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ገበሬው ያልሆነ ዘር ገዝቶ ሲዘራ የሚከስረው የወረቀቱን ዋጋ አይደለም፤ የዓመት እህሉን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ባለ ቀለም ወረቀት ቢደርሰው ሳያስነብበው በርበሬ ይቋጥርበታል። አይፈረድበትም።