የልዕልት ኢሬነ ልጆችና የደም አለመርጋት በሽታ

ስለ ሄሞፊሊያ በተወሳ ቁጥር ዘወትር የሚጠቀሰው የሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ ነው። የአክስቱ የልዕልት ኢሬነ ቤት እምብዛም አይነሣም፤ የበሽታውን አወራረድ ግን ከዚህ ቤት የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዕልት ኢሬነ በ1866 በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ፣ በኋላ የሄሰ ታላቅ መስፍን ከሆኑት ከሉድቪግ 4ኛ እና ከእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ከልዕልት አሊስ ተወለዱ። የፕሩሲያና የኦስትሪያ ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ ስለ ተወለዱ በግሪክኛ «ሰላም» የሚል ስም ወጣላቸው። ቤቱ ግን ሰላም አላገኘም። በ1873 ታናሽ ወንድማቸው ፍሪድሪክ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከመስኮት ወድቆ፣ ደሙ አልረጋ ብሎ ሞተ። በ1878 ደግሞ ዲፍቴሪያ (ዘጊ አነዳ) ገብቶ ኢሬነን ጨምሮ አብዛኞቹን ልጆች አልጋ ላይ ጣለ። የአራት ዓመቷ እህታቸው ማሪ፣ ቀጥሎም አስታማሚዋ እናታቸው አረፉ። የበሽታው ፀረ መርዝ ሴረም የተገኘው በ1890 ነበር።

በ1888 ልዕልቲቱ የአክስታቸውን ልጅ የፕሩሲያውን ልዑል ሃይንሪክን አገቡ። ቫልዴማር በ1889፣ ሲጊስሙንድ በ1896፣ ትንሹ ሃይንሪክ በ1900 ተወለዱ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሄሞፊሊያ ሲኖርባቸው መካከለኛው ጤነኛ ሆነ። ብዙ ሰዎች ይህን በዘመዳሞች ጋብቻ ያመካኛሉ፤ ስሕተት ነው። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይ ክሮሞዞሙን እንጂ በሽታው ያለበትን ኤክስ ክሮሞዞም አይደለም። እንከኑ ከአያቲቱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በልዕልት አሊስ በኩል ወደ ኢሬነ የወረደ ነው፤ ባዕድ ሰው ቢያገቡም የእያንዳንዱ ወንድ ልጅ ዕጣ ያው እኩሌታ ነበር።

በየካቲት 1904 ትንሹ ሃይንሪክ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ በ4 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ የኢሬነ እህት የሩሲያዪቱ ንግሥት አሌክሳንድራ አሌክሲን ወለዱ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሕፃኑ ከእንብርቱ ሲደማ፣ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለመገመት ለእናቲቱ ሐኪም አላስፈለጋቸውም ይሆናል። በ2009 ከቤተሰቡ አፅም በተደረገ የዘር ምርመራ በሽታው የ9ኛው የደም አርጊ ፋክተር ጉድለት፣ ማለትም ሄሞፊሊያ ቢ መሆኑ ታወቀ። በ1918 አሌክሲ ከነወላጆቹ ሲገደል፣ ሌላዋ የኢሬነ እህት ኤልሳቤጥም በማግስቱ ተገደሉ።

ቫልዴማር ግን 56 ዓመት ኖረ። በ1945 ከሩሲያ ጦር ሸሽቶ ባቫርያ ውስጥ ቱትሲንግ ደረሰ፤ ሕይወቱ የቆመው በሚሰጠው ደም ነበር። አካባቢውን የያዘው የአሜሪካ ጦር የሕክምናውን አቅርቦት ከናዚ ማጎሪያ ለወጡ እስረኞች አዋለው። ውሳኔውን ማን ይነቅፋል? ቫልዴማር ግንቦት 2 ቀን ሞተ፤ ልጅም አልነበረውም።

ልዕልት ኢሬነ በ1953 በሄመልማርክ ርስታቸው ሲያርፉ፣ ከሦስቱ ልጆቻቸው በሕይወት የነበረው በኮስታሪካ የተቀመጠው ሲጊስሙንድ ብቻ ነበር።