የውኃ መለያና የዘር ወሰን

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ የሚጥለው ዝናብ በሲቢሉና በሙገር አድርጎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀልና እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በቡራዩ አጠገብ በገፈርሳና በሰበታ የሚጥለው ግን ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እኛ መሐንዲሶች ይህን የውኃ መለያ መሥመር በካርታ ላይ የምናሰምረው የግድብንና የድልድይን ልክ ለማስላት ነው።

ለወንዝ ሸርጣን ግን መሥመሩ የዘር ወሰን ሊሆን ይችላል። የወንዝ ሸርጣን እንደ ባሕር ዘመዱ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ የለውም። እናቲቱ እንቁላሏን በሆዷ ሥር ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ የሚወጡትም ጥቃቅን ሸርጣኖች ከተወለዱበት ወንዝ ብዙ አይርቁም። በደቡብ አፍሪካ የተደረጉ የጄኔቲክስ ጥናቶች በአንድ ተፋሰስ ያሉ ሸርጣኖች ከጎረቤቶቻቸው በዘር ተለይተው እንደሚገኙ አሳይተዋል።

ይኸው ሕግ በውቅያኖስ ወለልም ይሠራል፤ ዛሬ ስለ ባሕር ወለል ማዕድን የሚደረገው ክርክርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የእንግሊዝ መርከብ ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው ጉዞ ከጥልቁ ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታትና ድቡልቡል የማንጋኒዝ ድንጋዮችን አወጣች። እነዚህ ድንጋዮች በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት ስላለባቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ኩባንያዎች በሰላማዊ ውቅያኖስ የሙከራ ቁፋሮ አደረጉ። በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት ከአገሮች ሥልጣን ውጭ ያለውን የባሕር ወለል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ አደረገው፤ በ1994ም ጉዳዩን የሚመራ ዓለም አቀፍ ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ሕጉ የቦታውን ባለቤት ወሰነ፤ ቦታው ቢታረስ ግን ነዋሪው ይመለስ እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው የዘር ጥናት ነው። በአትላንቲክ ወለል በፍል ውኃ ምንጮች ዙሪያ የሚኖር አንድ የሽሪምፕ ዝርያ እጩ ሩቅ ስለሚንሳፈፍ፣ በሺህ ኪሎሜትሮች የተራራቁት መንጎቹ በጂን እምብዛም አይለያዩም። አይሶፖድ የተባሉት ጥቃቅን ቅርፊት ለበሶች ግን ልጆቻቸውን በከረጢት ይዘው ያሳድጋሉ። በ2015 የወጣ ጥናት 1,300 ኪሎሜትር ያህል የሚራራቁ ሁለት የማዕድን ፈቃድ ቦታዎችን ሲያነጻጽር፣ አብዛኞቹ የአይሶፖድ ዝርያዎች በአንዱ ቦታ ብቻ ተገኙ። እንዲህ ያለው ፍጥረት መኖሪያው ቢጠፋበት የሚተካው ዘመድ ከሌላ ቦታ ላይመጣ ይችላል። የወለሉም ቁስል ቶሎ አይሽርም፤ የጀርመን ተመራማሪዎች በ1989 ከፔሩ ባሻገር ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ያረሱት ወለል በ2015 ሲጎበኝ ፈሩ ገና በግልጽ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሦስቱ ከተሞች ዙሪያ ድንጋይ ይፈለጣል፣ ፋብሪካ ይተከላል፣ ጅረትም አቅጣጫው ይለወጣል። በዚያው በሰበታ ዓሣንና ሌሎች የውኃ ውስጥ ፍጥረታትን የሚያጠና የምርምር ማዕከል አለ። መሐንዲስ ከመቆፈሩ በፊት የአፈሩን ናሙና እንደሚያስመረምር ሁሉ፣ ከጅረቱ ፍጥረታትም ናሙና ወስዶ ለባለሙያ ቢያሳይ ወጪው ጥቂት ነው። ከሱሉልታ በኩል የጠፋውን ከሰበታ እንተካዋለን ብሎ መገመት ግን አይቻልም፤ በመካከላቸው የውኃ መለያው አለና።