ዐውደ ነገሥትና የከዋክብቱ ጉዞ

መጪውን ጊዜ አስቀድሞ የማወቅ ምኞት በየትኛውም ኅብረተሰብ ዘንድ የሚገኝ ቢሆንም፣ ምኞቱን ለማርካት የሚደራጀው ዘዴ ግን የታሪክ ውጤት ነው። በአገራችን በደብተራዎች እጅ ሲገለበጥ የኖረው ዐውደ ነገሥት ለዚህ አብነት ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጠያቂውና የእናቱ ስም ፊደላት በተወሰነላቸው ቁጥር ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው ኮከቡን ያመለክታል። ኮከቡም የእሳት፣ የነፋስ፣ የውሃ ወይም የመሬት ባሕርይ ያለው መሆኑ ተለይቶ ስለ ጋብቻው፣ ስለ ሕመሙና ስለ ሀብቱ ይነገረዋል።

የከዋክብቱን ስሞች ልብ ብሎ የተመለከተ ግን ከትንቢቱ ይልቅ ታሪክን ያገኛል። በግ ሐመል፣ አንበሳ አሰድ፣ ጊንጥ ዐቅራብ፣ ዓሣ ሑት መባላቸው ዕውቀቱ በዐረብኛ በኩል መምጣቱን ይመሰክራል። የዐረብ ሊቃውንት ደግሞ ከግሪኮች፣ በተለይም በ2ኛው ምዕተ ዓመት በእስክንድርያ ከሠራው ከበጥሊሞስ ብዙ ወስደዋል። የፀሐይን መንገድ በ12 እኩል ክፍሎች የመደቡት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩት ባቢሎናውያን ናቸው።

በዚህ ረጅም ጉዞ አንድ ዐቢይ ለውጥ ተከሰተ። የባቢሎን መርማሪ ሌሊት ሌሊት ሰማይን እየተመለከተ ያየውን በሸክላ ጽላት ላይ ይመዘግብ ነበር፤ ያ መዝገብም ለሥነ ፈለክ ሳይንስ መሠረት ሆነ። ዐውደ ነገሥት ግን ፊደል ቆጥሮ ይፈርዳል እንጂ ወደ ሰማይ ቀና ማለትን አይጠይቅም። በአንድ ሌሊት፣ ከአንዲት እናት የተወለዱ መንትዮች ስማቸው በመለያየቱ ብቻ የተለያየ ኮከብ ሊደርሳቸው ይችላል።

ልማዱን በቅጣት ለማጥፋት መሞከርም አዲስ ነገር አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን በብርቱ አሳዷል፤ በዚሁ ክስ የገዛ ልጆቹ እንኳ ከጽኑ ቅጣት አላመለጡም። ይሁን እንጂ ቅጣት የሰውን ጥያቄ አይመልስም። ሐኪም በሌለበት መንደር የታመመ ልጁን ያቀፈ ገበሬ፣ «ይድንልኝ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው መፈለጉ አይቀርም። ጠንቋዩ ገበያውን ያገኘውም በዚሁ ክፍተት ነው።

ስለዚህ ሁለት ተግባሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። ብራናውን ማቃጠል ከባቢሎን እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋውን የዕውቀት መንገድ ማስረጃ ማጥፋት ነውና፣ ስፍራው ቤተ መዛግብት ይሁን። የገበሬውን ጥያቄ መመለስ ግን የብራናው ሥራ አይደለም፤ የጤና ጣቢያውና የትምህርት ቤቱ ነው። እነዚህ ባልደረሱበት ስፍራ ውግዘት ብቻውን የጠንቋዩን ደጅ አይዘጋውም።