ንባቡ አንድ፥ ትርጓሜው ሁለት፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥትና የባርነት ክርክር

ሕግ በጽሕፈት ከሰፈረ በኋላ ክርክር የሚያበቃ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የሕግን ታሪክ ስንመረምር ግን የምናገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቃሉ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ፥ ትርጓሜው ምንድን ነው? የመተርጐሙስ ሥልጣን የማን ነው? የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአገራችን የመጻሕፍት መምህራን ንባቡን ካስያዙ በኋላ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ሲያራቅቁ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በሕግ ትርጓሜ የተለያዩ ሰዎች ግን በአንድ አገርና በአንድ መንግሥት ሥር አብረው መኖር ግድ ስለሚሆንባቸው ነገሩ እጅግ ይከብዳል። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ ስለ ባርነት የተደረገው የሕገ መንግሥት ክርክር ስለሆነ፥ ባጭሩ ልንመለከተው አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1787 በፊላዴልፊያ ከተማ በጉባኤው የተገኙት እንደራሴዎች 55 ነበሩ፤ ሴፕቴምበር 17 ቀን በሰነዱ ላይ የፈረሙት ግን 39 ናቸው። በዚያ ሰነድ ውስጥ «ባሪያ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም። ይሁን እንጂ ለእንደራሴዎች ቁጥር ሲታሰብ ነጻ ካልሆኑት ሰዎች አምስቱ እንደ ሦስት ሰው እንዲቈጠሩ ተደነገገ፤ ከአገልግሎት የኰበለለ ሰው ለሚፈልገው ጌታ እንዲመለስ ታዘዘ፤ ባሪያ ከውጭ ማስገባትም እስከ 1808 ድረስ በኰንግሬስ እንዳይከለከል ተወሰነ። ጄምስ ማዲሰን፥ ሰው የሰው ንብረት ይሆናል የሚለውን አሳብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ማግባት ስሕተት መሆኑን በጉባኤው እንደ ተናገረ በገዛ ማስታወሻው ጽፎታል፤ እርሱ ራሱ ግን የባሪያዎች ጌታ ነበረ። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ነገሩን አስገቡት፥ ስሙን ግን አፈሩበት። ለኋለኛው ዘመን ክርክር በር የከፈተውም ይህ እፍረት ነው።

የባርነት ጠላቶች በሁለት ወገን ተከፈሉ። በ1831 በቦስተን ጋዜጣ ያቋቋመው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን፥ ሕገ መንግሥቱ ከባርነት ጋራ የተደረገ የኃጢአት ውል ነው ብሎ አስተማረ፤ በእርሱ ሥር ድምፅ መስጠትንም ነቀፈ። በጁላይ 4 ቀን 1854 በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም በሕዝብ ፊት የሰነዱን ቅጂ በእሳት አቃጠለው። ፍሬደሪክ ዳግላስ ደግሞ በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠ ሰው ነው። በመጀመሪያ የጋሪሰንን ትምህርት ተከተለ፤ በኋላ ግን መርምሮ በ1851 አሳቡን መለወጡን አስታወቀ። ክርክሩም ይህ ነበር፤ ሕግ የሚተረጐመው በተጻፈው ቃል እንጂ ጸሐፊዎቹ በልባቸው በሰወሩት አሳብ አይደለም። መግቢያው ስለ ሕዝብ ይናገራል እንጂ ስለ ነጭ ሕዝብ አይናገርም፤ ባርነትን በስሙ ለመጻፍ ያፈሩ ሰዎች ካልጻፉት ቃል ጥቅም ሊያገኙ አይገባም።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር? በ1787 የተደረገውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ለጋሪሰን ብዙ ማስረጃ ያገኝለታል፤ ድርድሩ በእርግጥ ተደርጓልና። ነገር ግን ጋሪሰን ሕጉን ሲያቃጥል የባሪያዎቹ ጌቶች የሚሉትን ትርጓሜ ተቀብሎ መሣሪያውን ለእነርሱ መልቀቁ ነበር። ዳግላስ ግን መሣሪያውን ከእጃቸው ሊነጥቅ ፈለገ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን እቈርጣለሁ ብሎ የተነሣው በ1857 ነው። ድሬድ ስኮት የተባለ ባሪያ፥ ጌታው ባርነት ወደ ተከለከለበት ምድር ወስዶ ስላኖረው፥ ነጻ ነኝ ሲል በ1846 በሚዙሪ ግዛት ክስ አቅርቦ ነበር። ዋናው ዳኛ ሮጀር ቶኒ በማርች 6 ቀን፥ የአፍሪካ ዘር ያለበት ሰው በሕገ መንግሥቱ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ኰንግሬስም በግዛቶች ምድር ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም ሲል ፈረደ። ከዘጠኙ ዳኞች የተቃወሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ቤንጃሚን ኩርቲስ፥ ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት ዘመን በአምስት ግዛቶች ነጻ ጥቁሮች ድምፅ ይሰጡ እንደ ነበረ አስረድቶ፥ የዋናውን ዳኛ ታሪክ በታሪክ አፈረሰው፤ በዚያው ዓመትም ሥልጣኑን ለቀቀ።

ፍርዱ ክርክሩን አላቆመውም፤ ይልቁንም ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ አደባባይ አመጣው። አብርሃም ሊንከን በ1860 በኒው ዮርክ ባደረገው ንግግር፥ የ39ኙን ፈራሚዎች ሥራ አንድ በአንድ ቈጥሮ፥ ከእነርሱ 21ዱ ማዕከላዊው መንግሥት በግዛቶች ምድር ስለ ባርነት የመወሰን ሥልጣን እንዳለው በሥራቸው መመስከራቸውን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ክርክሩ ከቃል ወደ ጠመንጃ አለፈ። ከአራት ዓመት ጦርነት በኋላ በ1865 ባርነትን የሚሽር፥ በ1868 ዜግነትን ለተወላጆች ሁሉ የሚያረጋግጥ፥ በ1870 በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከልን የሚያግድ ማሻሻያ ተጨመረ። ያን ጊዜ በንባቡ ውስጥ ያልነበረው ነገር በንባቡ ገባ።

ንባብ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1896 ያው ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር በባቡር ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያዝዘውን የሉዊዚያና ሕግ አጸደቀ፤ የተቃወመው ጆን ማርሻል ሃርላን ብቻ ነበረ። 58 ዓመት ካለፈ በኋላ በሜይ 17 ቀን 1954 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብለው ፈረዱ። በመካከሉ የማሻሻያው ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ አገሮች በየራሳቸው ይደነግጋሉ። በአገራችን በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት የመተርጐሙን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። በአሜሪካ ደግሞ ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል በ1803 ከሰጠው ፍርድ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ሲሽሩ ኖረዋል። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው የ1857ቱ ፍርድ የመጨረሻ ቃል አልሆነም፤ የ1896ቱም አልሆነም። በአገራችን የተገፋ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል፥ ሕጉ ለገፊው ብቻ እንዳልተሰጠ ማስታወሱ ነው። ዳግላስም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሕጉ የእርሱ እንዳልሆነ በተፈረደበት ዘመን ሕጉን የራሱ አድርጎ ተከራከረበት፤ ወገኖቹም ከእርሱ በኋላ ክርክሩን ስላልተዉት፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ዳኞቹ ራሳቸው ሊሰሙት ግድ ሆነባቸው።