የምክር ቤት ታሪክ ጸሐፊ፦ ፖለቲከኛ ሲቀያየር የማይቀየረው ሠራተኛ

ከአጋሮ ተመርጦ አዲስ አበባ የገባ የሕዝብ እንደራሴ ምን ብሎ ተናገረ? የትኛውን ሕግ ደገፈ? የትኛውን ተቃወመ? የዛሬውን በስልካችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። የዛሬ 60 ዓመት የተባለውንስ ማንን ትጠይቃላችሁ?

በአንዳንድ አገሮች ይህን ለመመለስ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው አለ፤ የምክር ቤት ታሪክ ጸሐፊ ይባላል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ እኛ አገርስ ነገሩ ምን እንደሚመስል ባጭሩ እናስረዳችሁ።

👉 ሥራው ምንድነው?

ከቃለ ጉባኤ ያዥ ይለያል። ቃለ ጉባኤ ያዥ የተባለውን ይጽፋል። ታሪክ ጸሐፊው ደግሞ ሰነዱ እንዳይጠፋ ይከታተላል፣ ጡረታ የወጡ ሰዎችን ቁጭ አድርጎ ያናግራል፣ ድምፃቸውን ይቀዳል። አንድ አባል ወይም ጋዜጠኛ "ከዚህ በፊት እንዲህ ተደርጎ ያውቃል?" ብሎ ሲመጣ ማስረጃ አውጥቶ ይመልሳል። ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ ግን ሥራው አይደለም።

👉 አሜሪካ፦ ሁለት ምክር ቤቶች፣ ሁለት ዕጣ

የአሜሪካ ሴኔት የታሪክ ቢሮውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ሥልጣን ከለቀቁ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። የመጀመሪያው ታሪክ ጸሐፊ ሪቻርድ ቤከር እስከ 2009 ድረስ፣ ማለትም 34 ዓመት ሠሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሴኔቱ አብላጫ ወንበር ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን፣ ከሪፐብሊካን ወደ ዴሞክራት ደጋግሞ ተገላብጧል። እሳቸውን ግን ማንም አልነካቸውም።

የታችኛው ምክር ቤት ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሪፐብሊካኖች አብላጫ ሲያገኙ አዲሱ አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች የነበሩትን ታሪክ ጸሐፊ ሬይመንድ ስሞክን አሰናበቱ። በምትካቸው ክርስቲና ጄፍሪን ሾሙ። ሴትየዋ ከዓመታት በፊት ስለ አይሁዶች ጭፍጨፋ ትምህርት የሰጡት አስተያየት ተነሥቶ ውዝግብ ሲፈጥር፣ በቀናት ውስጥ እሳቸውም ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ለ10 ዓመት ያህል ባዶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ሮበርት ሬሚኒ የሚባሉ የታሪክ ምሁር የተሾሙት።

ልዩነቱ ገባችሁ? ታሪክ ጸሐፊው የአለቃው ሰው ከሆነ ከአለቃው ጋር ይመጣል፣ ከአለቃው ጋር ይሄዳል።

👉 እኛ አገርስ?

ታሪክ የመጻፍ ሹመት ለእኛ አዲስ አይደለም። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራቸው። የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። የሚገርመው፣ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ሲታተም አማርኛው የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ግን እነዚህ ጸሐፊዎች የሠሩት ለአንድ ንጉሥ ነው። ምክር ቤት ደግሞ ብዙ አፍ አለው፤ ተከራካሪው ሁሉ መመዝገብ አለበት።

የእኛ ምክር ቤት ትልቁ ችግር መቋረጥ ነው፦

▪️ በ1923 ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አባላቱን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም።
▪️ ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው በ1950 መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የገቡትም ያኔ ነው።
▪️ በመስከረም 1967 ደርግ ፓርላማውን በተነው።
▪️ በ1980 ብሔራዊ ሸንጎ መጣ፤ በ1983 እሱም ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ።
▪️ በ1987 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ጀመረ።

በተቋረጠ ቁጥር የሚያውቁት ሰዎች ይበተናሉ። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ቢተርፍ እንኳ የቱ ከየት እንደሆነ የሚነግር ሰው ይጠፋል።

👉 አጋሮን ምን አገባት?

በ2002ቱ ምርጫ አጋሮን ወክለው ምክር ቤት የገቡት ዐቢይ አሕመድ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ወደዳችሁም ጠላችሁም ይሄ የአካባቢያችን ታሪክ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩትን እንደራሴዎች ስም ግን ከመካከላችን ስንቱ ይጠራል?

አጋሮ ያለችበት ጎማ በድሮ ጊዜ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። ከታሪኩ ብዙው ለተመራማሪዎች የደረሰው በአዛውንቶች አንደበት ነው። ማለትም ሰው ጠይቆ መመዝገብ እዚህም የሚያዋጣ ሥራ ነው።

👉 ሙያውን የሚፈልግ ምን ያድርግ?

ታሪክ ወይም የቤተ መዛግብት ሥራ መማር ዋናው መንገድ ነው። ለእኛ አካባቢ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አጣርቶ ማንበብ ግድ ነው። የድሮ የእጅ ጽሕፈት መልመድ፣ ሰው ሲናገር ሳያቋርጡ መስማትም ያስፈልጋል። የመጨረሻው ትምህርት ቤት የለውም፤ ቡና እየተፈላ፣ ስልክ ላይ መቅጃውን ከፍቶ፣ አስፈቅዶ መጀመር ይቻላል።

በ1950 ድምፅ የሰጡ ሰዎች ዛሬ ቢያንስ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። በየሰፈራችሁ አንድ ሁለት ይኖራሉ። ያን ጊዜ ማንን መረጡ? ለምን? ጠይቃችሁ የሚሏችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን።