ከፈረስ ሴረም እስከ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዲፍቴሪያ በአውሮፓ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት የሚቀጥፍ በሽታ ነበር። በጉሮሮ ላይ የሚጋገረው ሽፋን የአየር ቧንቧን ሲዘጋ፣ ሐኪሙ አንገትን ቀዶ መተንፈሻ ከማበጀት ወይም ቱቦ ከማስገባት ያለፈ አቅም አልነበረውም። ፍሬድሪክ ሎፍለር ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1884 ለይተው አሳደጉ። በ1888 ደግሞ ኤሚል ሩ እና አሌክሳንደር የርሲን በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ባክቴሪያው መርዝ እንደሚያመነጭ አረጋገጡ። ገዳዩ መርዝ ከሆነ ማርከሻ ሊገኝለት ይችላል የሚል ተስፋም ተፈጠረ።

ማርከሻው የተገኘው በበርሊን ነው። ኤሚል ቤሪንግ እና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መርዙን መቋቋም ከቻለ እንስሳ የተወሰደ ሴረም ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ እርሱንም እንደሚጠብቀው አሳዩ። በሴረሙ ውስጥ ያለው ኃይል ዛሬ አንቲቦዲ የምንለው ነው። በ1894 ሩ በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል የፈረስ ሴረም ሲሰጡ፣ ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ የሚገድለው ወደ ሩብ ገደማ ዝቅ አለ። ሴረሙ ባልደረሰበት ሌላ የከተማዋ ሆስፒታል ግን ሞቱ እንደቀድሞው ቀጠለ። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ኪታሳቶ ግን ሽልማቱን አልተካፈሉም።

ይሁን እንጂ የአንዱ ፈረስ ሴረም ብርቱ፣ የሌላው ደካማ ነበር። ይህን ችግር የፈቱት ፖል ኤርሊኽ ናቸው። በ1897 ባቀረቡት ዘዴ፣ ደርቆ አየር በሌለው ዕቃ የተቀመጠ አንድ ሴረም የሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ ሆነ። ሐኪሙ የሚሰጠውን መጠን በእርግጠኝነት ማወቅ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልኬት ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካዋ የሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ጂም ከተባለ በመንጋጋ ቆልፍ ከተያዘ ፈረስ የተወሰደ ሴረም ደኅንነቱ ሳይረጋገጥ ተከፋፈለ። ከዲፍቴሪያ እንዲድኑ ሴረሙን የተወጉ 13 ሕፃናት በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። ይህ አደጋ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1902 እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን የሚቆጣጠር ሕግ እንዲያወጣ ምክንያት ሆነ። ንጹሑ ሴረም እንኳ እንከን አላጣም። ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እና ቤላ ሺክ በ1905 እንደገለጹት፣ ሰውነት የፈረሱን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ስለሚቆጥረው ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተል ነበር።

አንቲቦዲ ከፈዋሽነቱ ሌላ ምስክርም ሆነ። በ1971 ኤቫ ኤንግቫል እና ፒተር ፐርልማን በስዊድን የኤላይዛን ዘዴ አስተዋወቁ። በ1985 የተፈቀደው የኤች.አይ.ቪ. የደም ምርመራ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነበር። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ የሚደረገው ፈጣን ምርመራም የሚፈልገው አንቲቦዲን ነው። ምስክሩ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። የእናት አንቲቦዲ ወደ ልጇ ስለሚተላለፍ፣ ከ18 ወር በታች ባለ ሕፃን ላይ መገኘቱ ብቻ ሕፃኑ መያዙን አያረጋግጥም።

ንጹሕና አንድ ወጥ አንቲቦዲ የማግኘት ሕልም እውን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ጆርጅ ኮህለር እና ሴሳር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንቲቦዲ የሚያመነጭ የአይጥ ሕዋስን ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ ያለማቋረጥ እየተራባ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚሰጥ ሕዋስ አገኙ። ለግኝቱ የባለቤትነት መብት አልተጠየቀበትም፤ በ1984 ግን ከኒልስ የርን ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የአይጥ አንቲቦዲም እንደ ፈረሱ ሴረም ለሰውነት ባዕድ ስለነበር፣ የግሬግ ዊንተር ቡድን በ1986 አብዛኛውን ክፍሉን በሰው አንቲቦዲ የሚተካ ዘዴ አቀረበ። በዚህ መንገድ የተሠራው ትራስቱዙማብ በ1998 ለጡት ካንሰር ተፈቀደ፤ በ2015ም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

የዲፍቴሪያው ማርከሻ ዛሬም የሚዘጋጀው ከፈረስ ነው። ክትባት በሽታውን ከብዙ አገሮች ስላራቀው ገዢው አነሰ፤ አምራቾቹም ጥቂት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዲፍቴሪያ በናይጄሪያ በተስፋፋ ጊዜ የማርከሻው አቅርቦት ከፍላጎቱ በታች ነበር። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የተገኘው መድኃኒት፣ ጉሮሮው ለተዘጋ ሕፃን በሰዓቱ ካልደረሰ ሐኪሙ ወደ 1880ዎቹ ይመለሳል።